ደግነት ለሰው ነው ለራስ? (ከትናንት የቀጠለ ክርክር)

የግሽ አባይ ልጅ፦ ትናንት ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ያቋረጥነውን እዚሁ እንጨርሰው። ያልኩት ይሄ ነው፣ ሰው ለራሱ ሳያስብ ለማንም ምንም አያደርግም። ጊዮርጊስ በር ላይ ሳንቲም የምትሰጡት ለነፍሳችሁ ነው፣ አለቀ።

ሲስተር፦ ኧረ አላለቀም ወንድማለም። ለነፍሴ ብሎ የሚሰጥ አለ፣ ሁሉም እንደዛ ነው ያለህ ማነው?

ባጃጁ፦ እሱ ልክ ነው እኮ ሲስተር። ወንፈልን እይው፣ ዛሬ ያንተን አጨድኩ ነገ የኔን ታጭዳለህ፣ የቀረ ሰው ይታወቅበታል። ትሪቨርስ የሚባል ፈረንጅ በ1971 እ.ኤ.አ. የማይዛመዱ እንስሳት እንኳን የሚረዳዱት ብድር እየመለሱ ነው ብሎ ጽፏል፣ የኛ ገበሬ ቀድሞታል ሃሃ

ሲስተር፦ ወንፈል ውል ነው እንጂ ደግነት ነው ያለ የለም። በ2010 ጥቅምት ምን ሆነ? እምቦጭ አረሙ ሐይቁን ሲወርረው ከኦሮሚያ ከ200 በላይ ወጣቶች ጣና ኬኛ ብለው መጡና ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቀሉ። ውሃውን አይጠጡት ዓሣውን አያሰግሩት፣ ምን አገኙ?

የግሽ አባይ ልጅ፦ ፖለቲካ ነበረበታ፣ ፎቶውስ? ደሞ ራሳቸው ኬኛ አሉ፣ የኛ ማለት ነው፣ የራስን መንከባከብ ለራስ ነው።

ሲስተር፦ እንዴ! ሰው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ያልኖረበትን ሐይቅ የኔ ብሎ ከታመመለት እና እሱን ራስ ወዳድ ካልከው፣ የእድር ብር የሚበላውን ምን ልትለው ነው? ለሁለቱም አንድ ስም ከሰጠህ ስሙ ምንም አልነገረንም። እኔ ተረኛ ሆኜ በሽተኛ ሲተርፍ ደስ ይለኛል አልክድም፣ ግን ደስ ያለኝ ቀድሞ ስለጨነቀኝ ነው፣ ባይጨንቀኝ ደስታው ከየት ይመጣል?

የዘጌው፦ ጣልቃ ልግባ፣ ባትሰን የሚባል የሳይኮሎጂ ሰው በ1981 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር ሞክሮታል። አንዲት ሴት ኤሌክትሪክ ስትነዘር ለተሳታፊዎች አሳይቶ (ትወና ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም) መሄድ ትችላላችሁ ሲላቸው ከልብ ያዘኑላት አብዛኞቹ በሷ ቦታ እኛ እንነዘር አሉ። ስቃይዋን ላለማየት ብቻ ቢሆን ወጥተው ይሄዱ ነበር።

የግሽ አባይ ልጅ፦ ቢሄዱ ጸጸቱ አያስተኛቸውም፣ እሱን ፈርተው ነው።

የዘጌው፦ ለማታውቃት ሴት መጸጸትስ ከየት መጣ?

ባጃጁ፦ ኧረ እኔ ወንፈሉ ላይ አልጨረስኩም፣ አቅመ ደካማ ሲሆን ብድር ሳይጠብቁ የሚያርሱለትስ?

ሲስተር፦ አንተ ከማን ጋር ነህ ግን?