ለራይዘን 7 5800ኤክስ ምን ዓይነት ኩለር ልግዛ? ውሃ ወይስ አየር?

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ራይዘን 5 3600 ፕሮሰሰር ነበረኝ፣ አሁን በ5800ኤክስ ቀይሬዋለሁ። አዲሱ ፕሮሰሰር ሳጥኑ ውስጥ ኩለር (ማቀዝቀዣ) የለውም። ስለዚህ ከ3600 ጋር የመጣችውን ትንሿን ኩለር፣ ሬይዝ ስቴልዝን፣ መልሼ ገጠምኳት። ኮምፒውተሩ በደንብ ይነሳል። ቪዲዮ ሬንደር ሳደርግ ግን ሙቀቱ ወዲያው 90 ዲግሪ ይገባል። ፋኑ ይጮኻል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል።

240 ሚሊሜትር የውሃ ኩለር ልግዛ እያልኩ ነው። ያስፈልገኛል ወይስ የአየር ይበቃኛል? የኬዙ (ዕቃዎቹ የሚገጠሙበት የኮምፒውተሩ ሳጥን) መመሪያ የኩለር ከፍታ ከ160 ሚሊሜትር እንዳያልፍ ይላል። ራሞቹ (የማስታወሻ ካርዶቹ) ኮርሴር ቬንጀንስ አርጂቢ ፕሮ ናቸው። ትልቅ ኩለር ገጥሜ ስለማላውቅ ስለ አገጣጠሙም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ባለካቻቢቴ፦
ሰላም ወንድሜ። ፕሮሰሰርህ ምንም አልሆነም። ሬይዝ ስቴልዝ የተሠራችው ለ65 ዋት ፕሮሰሰሮች ነው። 5800ኤክስ በወረቀት 105 ዋት ይባል እንጂ ሥራ ሲበዛበት እስከ 142 ዋት ይወስዳል። 90 ዲግሪ ደግሞ አምራቹ ያስቀመጠለት ጣሪያ ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንተ ያየኸው ይህንን ነው።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ ለዚህ ፕሮሰሰር ባትቸኩል ይሻላል። 5800ኤክስ 8ቱም ኮሮቹ (ስሌቱን የሚሠሩት ክፍሎች) ያሉት አንድ ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። 5900ኤክስ ግን ኮሮቹን ለሁለት ቺፕ አካፍሏል። ስለዚህ የ5800ኤክስ ችግር የሙቀቱ ብዛት ሳይሆን ከጠባብ ቦታ መውጣት ማቃቱ ነው። በጠባብ በር ሕዝብ ሲወጣ ውጭ ያለውን ሜዳ ብታሰፋው መግፋፋቱ አይቀርም፤ ራዲያተር (የውሃ ኩለሩን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ክፍል) ማስፋትም እንደዚያው ነው። ጥሩ የአየር ኩለርና 240 ውሃ እዚህ ፕሮሰሰር ላይ ብዙም አይራራቁም። ከዚህ ሁሉ በላይ የአየር ኩለር ላይ የሚበላሸው ፋኑ ብቻ ነው። እሱም በደቂቃ ይቀየራል። የውሃው ፓምፕ ከቆመ ግን ሙሉውን ትጥላለህ።

ሚሊሜትር፦
በባለካቻቢቴ እስማማለሁ። ግን ከመግዛትህ በፊት ልኬት። ብዙ ሰው ስለ ዋት ብቻ ያስብና መጨረሻ ላይ የኬዙ ክዳን አልዘጋ ይለዋል።

የአንተ ራሞች ቁመታቸው 51 ሚሊሜትር ነው። ይህ ረጅም ነው። ሁሉም ሰው የሚያነሳውን ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15ን እንውሰድ። ከፍታው 165 ሚሊሜትር ስለሆነ እንዲያውም ከኬዝህ ገደብ አልፏል። በዚያ ላይ የፊተኛው ፋን ከራሞቹ በላይ ነው የሚያርፈው፣ ከሥሩ ያለው ክፍተትም 32 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለ51 ሚሊሜትር ራም ፋኑን በ19 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ አለብህ። ጠቅላላው 184 ሆነ ማለት ነው። 155 ሚሊሜትር ተብለው የሚሸጡ ባለሁለት ማማ (ሙቀት የሚበትኑ ሁለት የብረት ክምሮች ያሏቸው) ኩለሮችም ወጥመዳቸው ይኸው ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ፋኑን ከፍ ሳታደርግ የተለካ ነው።

ለአንተ የሚስማማው ባለ አንድ ማማ ነው። ለምሳሌ ኖክቱዋ ኤንኤች-ዩ12ኤስ 158 ሚሊሜትር ነው፣ ቀጭን ስለሆነም ራሞቹ ላይ አይወጣም። ዲፕኩል ኤኬ400 ደግሞ 155 ነው። የትኛውንም ብትመርጥ ኤኤም4 ሶኬትን (ፕሮሰሰርህ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበትን መሰኪያ) እንደሚደግፍ ሳጥኑ ላይ አረጋግጥ።

ሬንደር ላይ ነኝ፦
እኔ ግን ውሃን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ኬዙ ረጅም ኩለር የማይቀበል ከሆነ፣ ወይም እንደ 5950ኤክስ ያለ ብዙ ኮር ይዘህ ቀኑን ሙሉ ሬንደር የምታደርግ ከሆነ ትርጉም አለው። ውሃ የሚገጥም ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ ፓምፑ ከሁሉም በላይ ያለው ነጥብ መሆን የለበትም። ውስጥ ያለው አየር ወደ ላይ ነው የሚሰበሰበው። ፓምፑ ውስጥ ከገባ ያንጎራጉራል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። ለጠያቂው ግን አየር ይበቃዋል። ፋኑ በሶኬቱ ዙሪያ ያሉትን የማዘርቦርዱን የኃይል ክፍሎችም በዚያው ያቀዘቅዝልሃል።

ኩለሩ እስኪመጣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ገብተህ ኢኮ ሞድን (ኃይል መቆጠቢያውን) 65 ዋት ላይ አድርገው። ያኔ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ከ88 ዋት አያልፍም። ሬንደሩ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ለሌላው ሥራ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅህም።

ጠያቂው፦
በጣም አመሰግናለሁ። የራሙ ነገር ጭራሽ አልታየኝም ነበር። ኢኮ ሞዱን አብርቼዋለሁ፣ ፋኑም ተረጋጋ። ኤንኤች-ዩ12ኤስን አዝዣለሁ። አሁን ስለ አገጣጠሙ ንገሩኝ። አሮጌዋን ስነቅል ፕሮሰሰሩ አብሮ ሊወጣ ይችላል ሲሉ ሰምቼ ፈርቻለሁ።

ባለካቻቢቴ፦
መፍራትህ ልክ ነው። የኤኤም4 ፕሮሰሰር ከሥሩ 1331 ፒኖች አሉት። ሶኬቱ ደግሞ ከላይ የሚይዝ የብረት ክዳን የለውም። የደረቀ ፔስት (በመካከላቸው የሚደረገው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ኩለሩንና ፕሮሰሰሩን ካጣበቃቸው ቀጥ አድርገህ ስትስብ አብሮ ይነቀላል፣ ፒኖቹም ሊጣመሙ ይችላሉ።

መፍትሔው ሙቀት ነው። ከመንቀልህ በፊት ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ ሥራ ስጠውና ፔስቱ ይለስልስ። ከዚያ አጥፋው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀል። አራቱን ብሎኖች ከፈታህ በኋላ ኩለሩን ወዲያው አታንሳው። ግራና ቀኝ ቀስ እያደረክ አዙረው። ፔስቱ ሲለቅ በእጅህ ይታወቅሃል፣ ያኔ ታነሳዋለህ። እምቢ ካለ አትታገለው፤ እንደገና አሙቀውና ሞክር።

አንድ ነገር ልብ በል። ስቴልዝ የምትታሰረው ከቦርዱ ጀርባ ካለው የብረት ሳህን ጋር ነው። ብሎኖቹን ስትፈታ ሳህኑን የሚይዘው ነገር የለም፣ ኬዙ ቆሞ ከሆነ ከኋላ ይወድቃል። አዲሱ ኩለር ይህንኑ ሳህን ስለሚጠቀም አትጣለው። ኬዙን በጎኑ አስተኛና በአንድ እጅህ ከኋላ ደግፈው።

ቀጥሎ ጽዳት። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና ክር የማይጥል ጨርቅ ይበቃሃል። ፕሮሰሰሩ ላይ ምንም የአሮጌ ፔስት ምልክት አይቅር። የኩለሩን ማሰሪያ ብረቶች ከሳህኑ ጋር እሰር። ፕሮሰሰሩ መሃል ላይ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ጠብታ ፔስት አድርግ። በጣት አትቀባው፣ ኩለሩ ሲጫነው ራሱ ይዘረጋል። የኩለሩን ግርጌ የሸፈነውን ፕላስቲክ ማንሳትህን አረጋግጥ።

ኩለሩ ከተቀመጠ በኋላ ሁለቱን ብሎኖች ጥቂት ዙር በአንዱ፣ ጥቂት ዙር በሌላው እያደረክ እሰር። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ኩለሩ ያጋድላል፣ ፔስቱም በአንድ በኩል ይገፋል። ብሎኖቹ ስፕሪንግ አላቸው፣ መጨረሻቸው ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ከዚያ በላይ አታጥብቅ። ፋኑን የምትመልሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ሚሊሜትር፦
የፋኑ አቅጣጫ እንዳይረሳ። ሞተሩን የሚይዙት የፕላስቲክ ክንዶች ያሉበት ጎን አየር የሚወጣበት ነው። ያ ጎን ወደ ማማው ይዙር። ፋኑ ከኬዙ ፊት አየር ተቀብሎ ወደ ኋላው ፋን ይግፋው። ገመዱን ደግሞ ቦርዱ ላይ ለፕሮሰሰር ፋን ተብሎ በተጻፈበት ባለ 4 ፒን ቦታ ሰካው። ሌላ ቦታ ከሰካኸው ብዙ ቦርዶች ሲነሱ የፋን ስህተት ያሳዩና ይቆማሉ።

ጠያቂው፦
ተገጠመ! ክዳኑም ተዘጋ፣ ራሞቹንም አልነካም። ኢኮ ሞዱን አጥፍቼ ሬንደር አደረግኩ፤ ሙቀቱ ከ80 ትንሽ አልፎ እዚያው ላይ ቆመ፣ ፍጥነቱም አልወረደም። ግን ሌላ ነገር አየሁ። ምንም ሳልሠራ 42 ዲግሪ ላይ ይቆይና አንድ ገጽ ስከፍት በቅጽበት ወደ 60 ይዘላል። ፋኑም አብሮ ይጮህና ይተኛል። ፔስቱ አልተዘረጋም ማለት ነው?

ሬንደር ላይ ነኝ፦
አይደለም፣ ፔስቱን አትንካው። ፔስቱ ችግር ቢኖርበት ሬንደር ላይ 90 ይገባ ነበር። ራይዘን ትንሽ ሥራ ሲያገኝ አንድ ኮሩን እስከ 4.7 ጊጋኸርዝ ያስወነጭፋል። ያቺ አንድ ነጥብ ለቅጽበት ትግላለች፣ የምታየው ቁጥርም የእሷ ነው። ኩለሩ ራሱ ገና አልሞቀም።

መስተካከል ያለበት ፋኑ ነው። ባዮስ ውስጥ የፋን ቅንብሩን ክፈትና እስከ 60 ዲግሪ ፍጥነቱ 40 በመቶ ላይ ሳይነቃነቅ ይቆይ። ከ60 እስከ 80 ቀስ እያለ ይጨምር። 85 ላይ ሙሉ ይሁን። ቦርድህ ፋኑ ከመፍጠኑ በፊት ጥቂት ሰከንድ የሚያዘገይበት ምርጫ ካለው እሱንም ተጠቀም፤ አጫጭሮቹን ዝላዮች ፋኑ ሳይሰማቸው ያልፋሉ።