እሳት ላይ የሚፈነዳ የሸክላ ቅርጽ፦ ጥፋቱ የት ነው?

ጭቃ አቡኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሠራሁት ቅርጽ ከወንዝ ዳር ከተቆፈረ ሸክላ አፈር የሆነ፣ 40 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የሰው ጭንቅላት ነው። ውስጡ ድፍን ነው። 10 ቀን ጥላ ውስጥ ከርሞ፣ ጉድጓድ ውስጥ በእንጨትና በእበት ሲቃጠል ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አንገቱና አገጩ ፈነዱ። ጆሮና አፍንጫው ደህና ናቸው። ጭቃው ውስጥ አየር ስለቀረ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?

እሳት ጠባቂ፦
አየሩን ተዪው እህቴ፣ የሚያፈነዳው ውሃ ነው። 1 ሊትር ውሃ ሲፈላ 1,700 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል፤ መውጫ ሲያጣ ቀዶ ይወጣል። አየር ያለበት ጭቃ በደንብ ከደረቀ ምንም አይሆንም። 10 ቀን ለጆሮ ይበቃል፣ ለድፍን አንገት ግን ገና ነው።

ገሉን አትጣዪው፣ ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ ላይ በድምፅ ከተበታተነ እንፋሎት ነው። በዝምታ ረጅም ስንጥቅ ካወጣና ጠርዙ ስለት ከሆነ፣ ሲቀዘቅዝ ነፋስ ነክቶታል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን 573 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ መጠኑን በድንገት ስለሚቀይር ነው። ከተቃጠለ ከቀናት በኋላ ከላዩ ቁራሽ እየተፈነቀለ ሥሩ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ደግሞ ኖራ ነው። ደረቅ አፈሩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊ፤ ከተንፈቀፈቀ ወይ በጠባብ ወንፊት ንፊው ወይ ሌላ ቦታ ቆፍሪ።

ገል ሰብሳቢ፦
ድፍን ቅርጽ ለማድረቅ ወራት ከመጠበቅ መቦርቦር ይሻላል። ጭቃው ሲጠነክር፣ ማለትም ጣት ሲጫነው ሳይጎደጉድ ጥፍር ግን ሲቧጭረው፣ የራስ ቅሉን ከጆሮ በላይ በቀጭን ሽቦ ቁረጪው። ውስጡን ግድግዳው 2 ሳንቲ ሜትር እስኪቀር ድረስ ፋቂው። አፍንጫና አገጭ ሥር ወፍራም ስለሚሆን በመርፌ ወግተሽ ለኪው። ሁለቱን ጠርዞች ቧጭረሽ፣ ከዚያው አፈር የተበጠበጠ ቀጭን ጭቃ ቀብተሽ ግጠሚው። የሌላ አፈር ጭቃ እኩል ስለማይሸበሸብ መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከራስ ቅሉ ጀርባ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቀዳዳ ተዪ፤ 3 ቀን በላስቲክ ተጠቅልሎ እርጥበቱ እኩል ይሁን፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ግለጪው። ሥሩ አሸዋ ይነጠፍ፤ ሲሸበሸብ እንዲንሸራተት።

ጭቃ አቡኪዋ፦
አመሰግናለሁ። አፈሩ ላይ ገል ልጨምር? መድረቁንስ በምን አውቃለሁ?

ገል ሰብሳቢ፦
ጨምሪ። ለ10 ጣሳ ደረቅ አፈር 2 ወይም 3 ጣሳ የተወቀጠ ገል፣ ፍሬው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር። ዱቄት የሆነው ብዙም አይጠቅምም፤ እንፋሎት መንገድ የሚያገኘው በፍሬዎቹ ዳር ነው። ከዚያ በላይ ከጨመርሽ ጭቃው ይፈረፈራል፣ የዓይን ሽፋን የመሰለ ቀጭን ነገር አይወጣልሽም።

ጉንጭሽን አስጠጊው፤ ከቀዘቀዘ አልደረቀም። ሚዛን ካለሽ ደግሞ ሁለት ቀን በተከታታይ ክብደቱ አንድ ይሁን።

እሳት ጠባቂ፦
ሚዛኑ ልክ ነው፣ ግን የደረቀ የመሰለ ቅርጽም ከአየር እርጥበት ይስባል። የመጨረሻውን ውሃ የሚያወጣው እሳት ነው። ቅርጹን በደረቀ አመድ ላይ አቁመሽ፣ በአንድ ሜትር ርቀት ዙሪያውን ትንሽ እሳት አንድደሽ 4 ወይም 5 ሰዓት አሙቂው፤ በየጊዜውም አዙሪው። ቀዝቃዛ የብረት ማንኪያ በረጅም እንጨት አስረሽ ቀዳዳው ላይ ያዢው። ጉም ከለበሰ እንፋሎት ገና እየወጣ ነው፤ ማገዶ አታቅርቢ። ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ እሳቱን ጥቂት በጥቂት አስጠጊ። ሲያበቃ በአመድ ቅበሪውና እስከ ማግስቱ አትንኪው።

አንድ ነገር፦ መደገፊያ የሚሆን ድንጋይ ከወንዝ አታምጪ። ውስጡ ውሃ ስላለ እሱም ይፈነዳል፣ ቅርጹንም ይመታል። የተቃጠለ ጡብ ይሻላል።