ድራጎን ቦል ዜድን በዲስክ አሟልቶ ለመያዝ የትኛው እትም ይሻላል?

አቤል ዘዱባይ

ሰላም ለሁላችሁ። ድራጎን ቦል ዜድ የሚባለውን የጃፓን አኒሜ ከክፍል 1 እስከ 291 በዲስክ አሟልቼ መያዝ አስቤያለሁ፤ ኦንላይን ዛሬ ያለው ነገ ስለሚነሳ። ችግሩ የእትሙ ብዛት ነው። ብርቱካናማው ሳጥን፣ ድራጎን ቦክስ፣ በየሲዝኑ የወጣው ብሉሬይ፣ የ30ኛ ዓመቱ እትም፣ ስቲልቡክ (በብረት ሽፋን የሚሸጠው)፣ ደግሞ ካይ የሚባል አለ። ሁሉም ላይ «የታደሰ» ተብሎ ተለጥፏል።

የማልደራደርበት የጃፓንኛው ድምፅ ከእንግሊዝኛ ሰብታይትል ጋር መኖሩ ነው። ምስሉስ የቱ ላይ ይሻላል? ከአሜሪካ ባዝዘው ዱባይ በተገዛ ማጫወቻ ይሠራል? ቆይቶ ወደ አዲስ አበባ ይዤው ስለምገባ እዚያም ቢሠራልኝ ደስ ይለኛል። ቴሌቪዥኑ 55 ኢንች ነው።

ናሜክ ሰፈር

ወንድሜ፣ «የታደሰ» የሚለውን ተወውና የምስሉን ቅርጽ እይ። ተከታታዩ ከ1989 እስከ 1996 በጃፓን ቴሌቪዥን የተላለፈ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸ፣ ለ4 በ3 ስክሪን (ወርዱ 4፣ ቁመቱ 3) የተሣለ ነው። ስለዚህ 16 በ9 የሚል ዲስክ ካየህ ከላይና ከታች ተቆርጧል ማለት ነው። 4 በ3 የነበረው 16 በ9 ሲደረግ ከቁመቱ ሩቡ ይሄዳል። አሳታሚው ከፊልሙ ጠርዝ በግራና በቀኝ ትንሽ ጨምሬበታለሁ ይላል፣ እውነትም ጨምሯል። ግን ያ ጠርዝ ድሮም እንዲታይ አልታሰበም፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ የጎኩ ጸጉር ጫፍ ግን እንዲታይ ነው የተሣለው። ፊት በቅርብ በሚታይባቸው ቦታዎች ግንባር ወይም አገጭ ይጎድላል።

ብርቱካናማዎቹ 9 ሳጥኖች ከ2007 እስከ 2009 የወጡ ዲቪዲ ናቸው። ሁሉም 16 በ9 ናቸው፣ ግሬይናቸውም (የፊልሙ ጥቃቅን ነጠብጣብ) ተጠርጓል። ጠረጋው የሚጎዳው እንዲህ ነው፦ ሶፍትዌሩ ተከታታይ ፍሬሞችን (የፊልሙን ነጠላ ምስሎች) ያስተያይና በአንዱ ኖሮ በሌላው የሌለውን ነገር ቆሻሻ ነው ብሎ ያጠፋል። ግሬይን በየፍሬሙ ስለሚለዋወጥ ይጠፋል። በውጊያ መሃል በፍጥነት የምትንቀሳቀስ ቀጭን የብዕር መስመርም በየፍሬሙ ቦታ ስለምትቀይር አብራ ትሄዳለች። የቆመ ምስል ላይ ንጹሕ ይመስልሃል። ቡጢ መሰንዘር ሲጀምር የጣቶቹን መለያ መስመሮች ተመልከት፤ ደብዝዘው ክንዱ ለስላሳ ፕላስቲክ ይሆናል።

ድራጎን ቦክስ በጃፓን በ2003 በሁለት ትልልቅ ሳጥኖች ወጣ፤ ያኛው እንግሊዝኛ ሰብታይትል የለውም። ለአንተ የሚሆነው ከ2009 እስከ 2011 በአሜሪካ በ7 ሳጥን የወጣው ነው። ከ1ኛው እስከ 6ኛው 42፣ 42 ክፍል ይይዛሉ፤ 7ኛው የቀሩትን 39 ይይዛል። 4 በ3 ነው፣ ግሬይኑ አልተነካም፣ ቀለሙም አልጋነነም። ያለው 480 መስመር ብቻ ነው፤ ሆኖም ከእርሱ በኋላ ከወጡት አብዛኞቹ ብሉሬዮች የበለጠ ሥዕሉን ታያለህ። የጠፋ መስመር በ1080 ቢቀርብም የጠፋ ነው።

በ2011 መጨረሻ ሌቭል የሚባል ብሉሬይ በ4 በ3 ተጀምሮ ነበር፣ ግሩም ሥራ ነበር። በእጅ ፍሬም በፍሬም ማደሱ ወጪው ስለበዛ ሁለት ስብስብ ወጥቶ ታሪኩ ናሜክ የምትባለው ፕላኔት ሳይደርስ ቆመ። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በየሲዝኑ የወጣው ብሉሬይ ወደ 16 በ9 ተመለሰ፤ አቆራረጡ በየትዕይንቱ የተስተካከለ ስለሆነ ከብርቱካናማው ይሻላል፣ ጠረጋው ግን አለ። በ2019 የወጣው የ30ኛ ዓመት እትም 4 በ3 ነው፤ ደጋፊው ያኮረፈው ግሬይኑ እንደገና በመጠረጉ ነው። ስቲልቡኮቹም 4 በ3 ናቸው፣ አከፋፈላቸው እንደ ብርቱካናማው 9 ነው። ድራጎን ቦክስ ካጣህ ወደ ስቲልቡክ ሂድ። 16 በ9 የሆነውን ግን በነጻ ቢሰጡህም አታስገባ።

ሄለን ዘሲልቨር ስፕሪንግ

በምስሉ እስማማለሁ፤ «በነጻም አታስገባ» ያልከው ግን ተጋነነ። ብርቱካናማው ላይ ሦስት የድምፅ ምርጫ አለ፦ ጃፓንኛ፣ እንግሊዝኛ ከጃፓኑ የሹንሱኬ ኪኩቺ ሙዚቃ ጋር፣ እንግሊዝኛ በአብዛኛው በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከተላለፈው የብሩስ ፎልኮነር ሙዚቃ ጋር። ይህ ሦስተኛው ድራጎን ቦክስ ላይ የለም። በ2000 አካባቢ እዚህ አሜሪካ በቴሌቪዥን ለተከታተለ ሰው ሴል የሚባለው ጠላትና የፎልኮነር ሙዚቃ አይነጣጠሉም። ድራጎን ቦክስ በበኩሉ በየክፍሉ መጨረሻ የሚመጣውን «የሚቀጥለው ክፍል» ማሳያ ይዟል፤ ብርቱካናማው ቆርጦታል።

አቤል፣ ጃፓንኛው ከሰብታይትል ጋር በሁሉም የአሜሪካ እትም አለ። ሞኖ ነው፣ ትንሽም የታፈነ ነው፤ ምንጩ በፊልሙ ጠርዝ ላይ የተቀረጸው ድምፅ ስለሆነ ነው እንጂ ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም። ድምፅ ማጉያህ ላይ «ሰራውንድ» አትጨምርበት፣ የበለጠ ይደበዝዛል።

ስለ ካይ ማንም ስላልመለሰልህ እኔ ላንሳው። ከ2009 እስከ 2011 የተሠራው ካይ ከክፍል 1 እስከ 194 ያለውን ታሪክ በ98 ክፍል ያጠቃልላል። ጎኩ ለአንድ ቡጢ ግማሽ ክፍል ሲያጓራ መቆየቱ የለም፣ ማንጋው (መነሻው የሥዕል መጽሐፍ) ላይ የሌሉት ትርፍ ታሪኮችም ወጥተዋል። ብሉሬዩ 4 በ3 ነው፤ በአራት ሲዝን ሳጥን 26፣ 26፣ 25 እና 21 ክፍል ሆኖ ይገኛል። ጉድለቱ፦ የተጎዱ ፍሬሞች በኮምፒውተር እንደ አዲስ ተሥለዋል፤ መስመሩ ወፈር ብሎ ቀለሙ ስለሚስተካከል ከአጠገቡ ካለው ፍሬም ጋር ይጋጫል፣ አንዴ ካየኸው ደግሞ ዓይንህ እርሱን ብቻ ይፈልጋል። የመጀመሪያው የኬንጂ ያማሞቶ ሙዚቃም ከሌሎች ሥራዎች ጋር በመመሳሰሉ በመጋቢት 2011 ወርዶ በኪኩቺ ተተክቷል።

ከሴል ቀጥሎ ያለውን የማጂን ቡን ምዕራፍ ግን በካይ አትግዛ። ያኛው 16 በ9 ነው፣ ምስሉም አረንጓዴ ነገር ተቀብቷል፤ ነጭ ጥምጣምና ደመና ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ላሳይህ፦ እስከ ሴል መጨረሻ ካይን በብሉሬይ፣ ከዚያ ድራጎን ቦክስ 5 (169–210)፣ 6 (211–252) እና 7 (253–291)። ከቁጥር 5 ሳጥን ላይ ክፍል 195ን ፈልገህ ትጀምራለህ። ያገለገለ ድራጎን ቦክስ ውድ ስለሆነ አራት ሳጥን መቀነስ ቀላል አይደለም።

ናሜክ ሰፈር

ሄለን፣ ስለ ፎልኮነር ያልሽው እውነት ነው፣ ተቀብያለሁ። ነገር ግን ጠያቂው ከ1 እስከ 291 ነው ያለው፤ ካይ ሌላ ሥራ ነው። ጎኩና ፒኮሎ መኪና ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ሲፈተኑ የሚያሳየው ክፍል ካይ ውስጥ የለም፤ እርሱ ከሌለማ ምኑን ሙሉ ሆነ?

ሪጅን ፈቺ

እናንተ ስለ ግሬይን ትከራከራላችሁ፣ ልጁ ዲስኩ ሲደርሰው «ይህ ዲስክ በዚህ አካባቢ አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ሊያይ ነው።

ዲስክ በአገር ክልል ይቆለፋል፤ ክልሉ ሪጅን ይባላል። ዲቪዲ፦ አሜሪካና ካናዳ ሪጅን 1 ናቸው። ኤምሬትስ ከአውሮፓና ከጃፓን ጋር ሪጅን 2 ነው። ኢትዮጵያ ሪጅን 5 ናት። ብሉሬይ፦ አሜሪካና ጃፓን ኤ፤ አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ቢ። የአሜሪካው ድራጎን ቦክስ ሪጅን 1 ስለሆነ ዱባይም ሆነ አዲስ አበባ በተገዛ ተራ ማጫወቻ ላይ አይከፈትም። አንዳንድ የአሜሪካ ብሉሬይ ኤና ቢ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ከማዘዝህ በፊት የጀርባ ሽፋኑን ፎቶ ጠይቅና ባለ ስድስት ጎን ምልክቱን አንብብ።

መፍትሔው ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሻጩ «ሪጅን ፍሪ» ሲልህ ብዙ ጊዜ ዲቪዲውን ብቻ ማለቱ ነው። የዲቪዲው መቆለፊያ በብዙ ማጫወቻ በሪሞት ኮድ ይፈታል፤ የብሉሬዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ካልተነካ አይፈታም። ስለዚህ «ዲቪዲ ከ1 እስከ 6፣ ብሉሬይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ብሎ በጽሑፍ የሚያረጋግጥልህን ግዛ። ከአሜሪካ ማጫወቻ ካስመጣህ ደግሞ ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት መባሉን እይ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ዱባይም አዲስ አበባም ያለው መብራት ያቃጥለዋል፤ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

በኮምፒውተር ላየው ካልክ የዲቪዲ ድራይቭ ሪጅኑን የሚያስቀይርህ 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ በአምስተኛው ላይ ይቆለፋል። ርካሽ የዩኤስቢ ድራይቭ ገዝተህ ሪጅን 1 ላይ አድርገህ ለዚህ ብቻ ተወው። ማጫወቻው ቪኤልሲ ከሆነና ውጊያ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያሉ መስመሮች ካየህ፣ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ከፍተህ «ፊልም ኤንቲኤስሲ» የሚለውን ምረጥ። በሴኮንድ 24 የሆነው ፊልም ዲቪዲው ላይ ወደ 30 ተዘርግቶ ስለተጫነ ነው፤ ይህ ምርጫ ወደ 24 ይመልሰዋል።

አቤል ዘዱባይ

እግዜር ይስጥልኝ። ሄለን፣ ያልሽው ቅይጥ መንገድ በጀቴን ያድነዋል፣ ግን መንጃ ፈቃዱን ላጣው አልፈልግም 😄 ያገለገለ ድራጎን ቦክስ ላፈላልግ ነው። ፎርጅድ ይበዛበታል ሲሉ ሰማሁ፤ በምን ይለያል? ቴሌቪዥኑስ ላይ የሚስተካከል ነገር አለ?

ናሜክ ሰፈር

ዲስኩን ገልብጦ ፎቶ እንዲያነሳልህ ጠይቀው። በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ሥሩ ብርማ ወይም ወርቅማ ነው፤ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ቤት ውስጥ የተቃጠለ ኮፒ ነው። መሃሉ ላይ በቀዳዳው ዙሪያ ባለው ግልጽ ቀለበት የሚታተመውን ጥቃቅን ኮድም በቅርብ እንዲያሳይህ አድርግ። ኦሪጅናሉ በአንድ ሳጥን 6 ዲስክና ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አለው። መጽሐፉ የሌለበት ሁሉ ፎርጅድ ነው አልልም፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት።

ከሁሉም የሚያጋልጠው የክፍሉ ብዛት ነው። 42 ክፍል በ6 ዲስክ ሲካፈል 7 ነው። 7 ክፍል ወደ 168 ደቂቃ ነው፤ 8.5 ጊጋ በሚይዝ ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ ላይ በሴኮንድ ወደ 6.7 ሜጋቢት ይደርሰዋል። ፎርጅዱ 20 ክፍል በ4.7 ጊጋ ዲስክ ይጠቀጥቃል፤ ወደ 1.3 ሜጋቢት ይወርዳል። ካሜሃሜሃው (የጎኩ የብርሃን ጥይት) ሲተኮስ ስክሪኑ ሁሉ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን የሚሆነው ለዚህ ነው። «291 ክፍል በአንድ ሳጥን» ብሎ በርካሽ የሚሸጥ ካየህ ዝም ብለህ እለፈው።

ሄለን ዘሲልቨር ስፕሪንግ

ቴሌቪዥኑ ላይ፦ ምስሉን 4 በ3 አድርገው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መቅረቱ ትክክል ነው። ሻርፕነስን አምራቹ መነሻ ካደረገው አሳንሰው፣ በብዙ ሞዴል 0 ላይ ምንም አይጨምርም። ኖይዝ ሪዳክሽንን አጥፋው፤ ካለበለዚያ ድራጎን ቦክስ ገዝተህ ብርቱካናማውን ቤትህ ውስጥ ሠራኸው ማለት ነው። እንቅስቃሴ ማለስለሻውንም አጥፋ። አኒሜው በአብዛኛው በሴኮንድ 8 ወይም 12 ሥዕል ነው ያለው፤ ቴሌቪዥኑ መሃል ላይ የሌለ ሥዕል ሲፈጥር የቡጢው ጠርዝ ይቀልጣል።

ሪጅን ፈቺ

አንድ ልጨምር። ያገለገለ ዲስክ ሲደርስህ ሻጩ የሰጠህ የመመለሻ ጊዜ ሳያልፍ እያንዳንዱን ዲስክ እስከ መጨረሻው ክፍል አስኪደው። ባለ ሁለት ንብርብር ዲስክ መሃል ላይ ንብርብሩን ሲቀይር ለቅጽበት ቆም ቢል ጤነኛ ነው፤ እዚያው ቀርቶ ካልቀጠለ ግን ተበላሽቷል። ከማቀፊያው ስታወጣ መሃሉን በአንድ ጣት ተጫን እንጂ ጠርዙን ይዘህ አትጎትት፤ ቀዳዳው ዙሪያ የሚሰነጠቀው በዚያ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትገባም ሳጥኖቹን ከእጅ ሻንጣህ ጋር ያዛቸው፤ ካርቶን ሳጥን ዕቃ መጫኛ ውስጥ ጥጉ ይጎብጣል፣ ስቲልቡክ ደግሞ አንዴ ከተሰረጎደ አይቃናም።