ኬሞ ልጀምር ነው፤ በዚህ ያለፈ ሰው አለ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ስሜን ባልጽፍ ቅር እንዳትሰኙ። የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ኬሞ (ኬሞቴራፒ፣ በመድኃኒት የሚሰጥ የካንሰር ሕክምና) እጀምራለሁ። በየሦስት ሳምንቱ አንዴ፣ በጠቅላላው አራት ዙር ነው የተባልኩት። እዚህ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከተማው ውስጥ ዘመድ የለኝም። ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት፣ ሁሉንም በወረቀት ሰጥታኛለች። ግን ወረቀቱን ባነበብኩት ቁጥር ሁሉም ነገር በአንድ ቀን የሚወርድብኝ ይመስለኛል። እናቴ እስካሁን አታውቅም፤ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ነው። በዚህ ያለፈ ሰው ካለ፣ ምን ልጠብቅ?

መልስ 1፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ ከጨረስኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያንን ወረቀት በደንብ አውቀዋለሁ። የእኔ አራት ገጽ ነበር፤ ከጸጉር መርገፍ እስከ ልብ ድካም የቀረ ነገር የለውም። ሁሉም አይደርስብሽም። የሚደርስብሽም በየተራው ነው። የወረቀቱ ችግር ምን እንደሚመጣ ይነግርሻል እንጂ መቼ እንደሚመጣ አይነግርሽም። መቼውን የነገረችኝ ከእኔ ሁለት ዙር የቀደመች አንዲት ሴት ናት።

ያገናኘችን የኬሞ ክፍል ነርስ ናት። "ያንቺኑ መድኃኒት የምትወስድ ሴት አለች፣ ብታወሪያትስ?" ስትለኝ "ይቅርብኝ" አልኳት። የራሴ ጭንቀት አንሶኝ ነው የሰው የምጨምር? ኩራትም ነበረበት። በሳምንቱ ደግማ ስትጠይቀኝ እሺ አልኩ። ሴትዮዋ የእኛን ቋንቋ አትችልም፣ እኔም የአገሩን ቋንቋ ያኔ እንደነገሩ ነበር የምናገረው። ግን ተግባባን። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "መቼ ነው የምትወስጂው?" የሚል ነበር። ማክሰኞ አልኳት። "እንግዲያው ዓርብ እደውልልሻለሁ። ረቡዕ ምንም አትሆኚም። ሐሙስ 'ኬሞ የሚሉት ይሄ ነው እንዴ?' ትያለሽ። ዓርብ ትወድቂያለሽ።"

እንዳለችው ሆነ። ጥንቆላ አይደለም። ከኬሞው ጋር ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ይሰጡሻል፤ ማቅለሽለሽንም አለርጂንም ለመከላከል ነው። እሱን እየወሰድሽ ሳለ ጉልበት ይሰጥሻል፣ እንቅልፍ ግን ይነሳሻል። ረቡዕ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የወጥ ቤቱን ዕቃ ሁሉ አውርጄ መደርደሪያ እወለውል ነበር። ስቴሮይዱ ሲቆም ሰውነት ዝርግፍ ይላል። ዓርብ ጠዋት ጥርሴን ላጸዳ ገብቼ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ብሩሹ እጄ ላይ ነው፣ ሳሙናውም ተቀብቷል፣ ክንዴን ማንሳት ግን አቃተኝ። ስልኬ ጠራ። "ወደቅሽ?" "ወደቅኩ።" "ጎበዝ፣ በሰዓቱ ነው።" እዚያው ወለሉ ላይ ሳቅኩ። እሷ ባትደውል ኖሮ መሞቴ ነው ብዬ አምን ነበር።

ስለዚህ ቀን መቁጠሪያ ግዢና ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ በየቀኑ አንድ መስመር ጻፊ። ሁለተኛው ዙር ባብዛኛው የመጀመሪያውን ይመስላል፣ ድካሙ እየተጠራቀመ ቢሄድም። የራስሽን ቀን ካወቅሽ በኋላ በወደቅሽበት ቀን "መቼ ይሆን የምነሳው?" ብለሽ አትጨነቂም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አስምሪበት። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሴል ሲያገኝ የካንሰር ይሁን የራስሽ አይለይም። ጸጉር፣ የአፍ ውስጥ ቆዳ፣ አንጀት፣ ደም የሚሠራው መቅኔ፣ ሁሉም ይመታል። ነጭ የደም ሴልሽ በጣም የሚወርደው ባብዛኛው ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ትንሿ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ አደገኛ ልትሆን ትችላለች። ቴርሞሜትር አልጋሽ አጠገብ ይኑር። 38 ዲግሪ ከደረሰ ወዲያውኑ ትደውያለሽ፤ ሌሊትም ይሁን እሁድ። ሳትደውዪ ፓራሲታሞል እንዳትወስጂ፣ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። እኔ በአሥረኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ 38.2 ሆነብኝና "ሲነጋ እደውላለሁ፣ ምን አስቸገርኳቸው" ብዬ ልተኛ ነበር። ለዚያች ሴት ብቻ መልእክት ላክሁላት። ነቅታ ነበር መሰለኝ ወዲያው ደወለችና ጮኸችብኝ። ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ተኝቼ በደም ስር አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ። ይሉኝታሽን እስክትጨርሺ ድረስ ቤት አስቀምጪው።

ማቅለሽለሹን ብዙ አትፍሪው። ድሮ ኬሞ ያየ ሰው የሚያወራውን ሰምተሽ ይሆናል፣ ባልዲ ታቅፎ ማደር። እንደ ኦንዳንሴትሮን ያሉት መድኃኒቶች በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ከመጡ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ዘዴው ሳያቅለሸልሽሽ መዋጥ ነው። ከጀመረሽ በኋላ መመለስ ይከብዳል። ክኒኑ ሆድ ያደርቃል፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ስለ ማለስለሻ ከአሁኑ ጠይቂ።

ጸጉር... የእኔ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ጀመረ፤ ሻወር ውስጥ። ከዚያ በፊት የራስ ቆዳዬ ሹሩባ ተጎትቶ እንደተሠራ ሆኖ ያመኝ ነበር። ቀድመሽ አሳጥሪው፤ ረጅም ጸጉር በእፍኝ ሲወጣ ማየት ሌላ ሐዘን ነው።

እንደገና ስለ ሰው ልበል። የምታወሪው ሰው በተቻለ መጠን ያንቺን መድኃኒት የወሰደ ይሁን። እኔ ፓክሊታክሰል የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ሲሰጠኝ ነርቬ እንዳይጎዳ ብለው እጄን በረዶ ጓንት ውስጥ አስገቡልኝ። ከጎኔ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ ደግሞ ለአንጀት ካንሰር ኦክሳሊፕላቲን የሚወስድ ነው፤ እሱ የማቀዝቀዣ በር እንኳ በባዶ እጁ መንካት አይችልም፣ ጣቱን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። የእኔን ምክር ቢሰማ ኖሮ አስቢው። ሁለታችንም "ኬሞ ላይ ነኝ" ነው የምንለው።

መልስ 2፦

እኔ ታማሚ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ናት። ላስታማሚዎች ጥቂት ልበል። በመጀመሪያው ዙር ቀኑን ሙሉ "ምን ላድርግልሽ?" እያልኩ አሰለቸኋት። መልስ መፈለግ ራሱ ሥራ ሆነባት። የእሱም ሚስት ታማ የነበረች አንድ ሰው "አትጠይቃት፣ የምታደርገውን ንገራት" አለኝ። "ሐሙስ ልጆቹን እኔ አመጣለሁ፣ ስልክሽንም እኔ እመልሳለሁ" ማለት ጀመርኩ። ቤቱ ተረጋጋ።

ሌላው፣ መድኃኒቱ በሽንትም በትውከትም ይወጣል። ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግቶ ሁለት ጊዜ ውኃ መልቀቅ፣ የቆሸሸ ነገር ሲያጸዱ ጓንት ማድረግ። እኔ በባዶ እጄ ስጠርግ ነበር፣ ማንም አላስጠነቀቀኝም።

የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ያስተረጎመችልን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን ነበረች። ሐኪሙ "ወደ ሊምፍ ኖድ (ንፍፊት) ተሰራጭቷል" ሲል ልጄ ዝም አለች። ከዚያ "ደህና ነው ይላል" ብላ ተረጎመች። በብዙ አገር ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል። ቀጠሮ ስትይዙ ያኔውኑ ጠይቁ። ቋንቋ እችላለሁ የምትሉም ብትሆኑ ጠይቁ፤ ሰው ሲደነግጥ የሁለተኛው ቋንቋ ቀድሞ ይጠፋል።

መልስ 3፦

የካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ከላይ የተባለው ባብዛኛው ልክ ነው። አንድ ማስተካከያ፦ የምትደውይበት የትኩሳት ቁጥር ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል፤ 37.5 የሚሉም አሉ። የራስሽን ጠይቀሽ ቁጥሩንና የሌሊቱን ስልክ በአንድ ወረቀት ጽፈሽ በር ላይ ለጥፊ። ትኩሳት ሳይኖርም ብርድ ብርድ ካለሽና ከተንቀጠቀጥሽ ደውዪ።

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል። የነጭ ደም ሴሉ ካልተነሣ ዙሩ በሳምንት ሊገፋ ይችላል። ብዙ ሰው ያን ቀን ያለቅሳል፣ የወደቀ ፈተና ይመስለዋል። መቅኔሽ ጊዜ ጠየቀ ማለት ነው እንጂ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም። ሴሉ እንዲነሣ መርፌ ከተሰጠሽ ደግሞ ወገብሽንና ጭንሽን አጥንት ድረስ ሊያምሽ ይችላል፤ ይታከማል፣ ንገሪያቸው። ቅጠልም ሆነ ቫይታሚን ሰው ቢያመጣልሽ ሳታሳዪን አትውሰጂ፤ አንዳንዱ የመድኃኒቱን ኃይል ይለውጣል።

ታማሚን ከታማሚ ማገናኘት አዲስ ነገር አይደለም። ቴሬስ ላሰር የምትባል ሴት ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ በ1952 (በፈረንጅ) ኒው ዮርክ ውስጥ እንደ እሷ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሴቶች እየዞረች መጠየቅ ጀመረች። በኋላ የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሥራውን የራሱ ፕሮግራም አደረገው። ዛሬ ብዙ ሆስፒታል ውስጥ ይህን የሚያስተባብር ሰው አለ። ነርሷ ካልጠየቀችሽ አንቺ ጠይቂያት።

ጠያቂዋ፣ ከሁለተኛው ዙር በኋላ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱን ጨረስኩ። መልስ 1 ላይ የጻፈችልኝ እህቴ እየደወለች ነው ያሳለፈችኝ። የእኔ መውደቂያ ግን ሦስተኛው ሳይሆን አራተኛው ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ዓርብ ደውላ "ወደቅሽ?" ስትለኝ ደህና ስለነበርኩ ተከራከርን። ቅዳሜ እኔው ደወልኩላት።

ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ያለችኝ "ድምፅሽ ተለውጦ ነበር፣ አውቄያለሁ" ነው። አሁን በየቀኑ ትደውላለች። እሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ሆኖብኛል፣ እያለቀሰች የማጽናናት እኔ ነኝ። ከሰኞ እስከ ረቡዕ እኔ እንድደውል ተስማምተናል።

ጸጉሬ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ሄደ። አሳጥሬው ስለነበር እንደፈራሁት አልሆነም፤ ያስለቀሰኝ የቅንድቤ መሳሳት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የጣቴ ጥፍር ከሥሩ እየጠቆረ ነው፣ ስነካውም ያመኛል። ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? ወረቀቱ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

መልስ 1፦

ሦስተኛው ገጽ ታች ላይ ይኖራል፣ በትንሽ ፊደል። የምትወስጂው ዶሴታክሰል ከሆነ ጥፍር ያጠቁራል። አጭር አድርገሽ ቁረጪው፣ ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ። መግል ከያዘ ወይም ዙሪያው ከቀላ ግን ቀጠሮሽን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለነርሷ አሳዪያት። ፎቶውን ለእኔም ላኪልኝ። ሦስተኛው ዙር ማክሰኞ ነው አይደል? ቅዳሜ እደውላለሁ።