ኢንቦክሴ «ስንት ነው?» ብቻ ሆነ፤ ምን ብዬ ልለጥፍ?

ሽሮሜዳዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ፤ ቴሌግራም ላይም ቻናል አለኝ። የምለጥፈው እንዲህ ነው፦ «አዲስ የገባ!!! ምርጥ ቀሚስ ዋጋ በውስጥ መስመር ቶሎ ይደውሉ»። ሁሉም «ስንት ነው?» ይላል፤ ስመልስለት ድምፁ ይጠፋል። ደግሞ አሜሪካ ያለች ደንበኛ «ለ10/5 ይድረስልኝ» ብላለች። ለከተራ ነው ወይስ መቼ ነው?

ክርና መርፌ፦ «በውስጥ መስመር» የሚለውን ተይው። ዋጋው ከተደበቀ ሰው ውድ ነው ብሎ ያልፋል። እንዲህ ሞክሪ፤ ቁጥሮቹን ባንቺ ቀይሪ፦ «የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው። ጨርቁ መነን፣ ጥልፉ የእጅ። ቁመት 140 ሴንቲ። ዋጋ 6,500 ብር፣ ማድረሻ ለብቻ። ትእዛዝ በ10 ቀን ይደርሳል።» ቃለ አጋኖውም አንድ ይበቃል፣ እሱም ካስፈለገ።

የገበያ ሰው፦ ሽሮ ሜዳን የማያውቅ ነው «ዋጋ ጻፊ» የሚለው። ጎረቤት ሱቅ አይቶ 200 ብር ቀንሶ ይለጥፋል።

ክርና መርፌ፦ እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው «ከ6,000 ብር ጀምሮ» በይ። ቢያንስ አቅሙን የሚያውቅ ብቻ ይጠይቅሻል።

ከሜሪላንድ፦ እኔም አሜሪካ ሆኜ ለእናቴ የማዘው ከሽሮ ሜዳ ነው። አሜሪካ ወር ይቀድማል፣ ስለዚህ 10/5 ኦክቶበር 5 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 25። አውሮፓ ያለ ሰው ቢጽፈው ሜይ 10 ይሆን ነበር። አንቺ ደግሞ ጥር 10 ብለሽ አነበብሽው። ወሩን ሁሌ በስሙ ጻፊ። እሷንም «መስከረም 25 ማለትሽ ነው?» ብለሽ አረጋግጪ። ሰዓትም እንደዚያው ነው። «3 ሰዓት ደውይ» ካልሽኝ የጠዋቱ ይሁን የማታው፣ የናንተ ይሁን የኛ በምን አውቃለሁ? የአዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት እዚህ ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ ላይ ነኝ።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሌላም አለ። «ሐበሻ»ን አንዱ በሐ፣ ሌላው በሀ ይጽፋል። ለጆሯችን አንድ ነው፤ ለስልክ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በሀ የሚፈልግ ሰው ያንቺን ላያገኘው ይችላል። ጽሑፉን በአንዱ ጻፊ፣ ከሥር በሃሽታግ ሁለቱንም ጨምሪ። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚፈልግም ብዙ ስለሆነ እሱንም አትርሺ።

ሽሮሜዳዋ፦ ተባረኩ! ጠየቅኳት፣ ኦክቶበር 5 ነው አለች፤ ሰርግ አለባት። ጠላፊው ጋ ልሩጥ። ቁመት ደግሞ 57 ብላ ልካለች፤ ምንድን ነው?

ከሜሪላንድ፦ ኢንች ይሆናል፣ 145 ሴንቲ ገደማ። ግን እሱንም ጠይቂያት።