አልትራሳውንዱን ሐኪም ይዘዝ ወይስ ሕግ?

መነሻ፦ ፅንስ ማቋረጥ የምትፈልግ ሴት አስቀድማ አልትራሳውንድ እንድትነሳ ሕግ ያስገድዳት?

ከአሌክሳንድሪያ፦
አያስገድዳት ባይ ነኝ። የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ሕግ ስታወጣ የሕክምና አስተርጓሚ ነበርኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ የባሰ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፅንሱ በሆድ በኩል በደንብ ስለማይታይ፣ መሣሪያውን በብልት ማስገባት ሊያስፈልግ ነው ተባለ። ሕዝቡ ሲጮህ አገረ ገዥው ቦብ ማክዶኔል አፈገፈጉ፤ በሆድ በኩል ይሁን ተብሎ ጸደቀ። ምርመራው ግን ቢያንስ 24 ሰዓት መቅደም ነበረበት፤ 100 ማይልና ከዚያ በላይ ርቃ ለምትኖር ደግሞ 2 ሰዓት።

አንዲት እህታችን አትረሳኝም። አረጋውያን ተንከባካቢ ነች፤ የሁለት ቀን ደመወዟን አጥታ ነው የመጣችው። ቀዝቃዛው ጄል ሆዷ ላይ ሲፈስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ምስሉን ማየት ትፈልጊያለሽ? የልብ ምቱንስ መስማት?» ብዬ አስተረጎምኩላት። ሁለቱንም እምቢ ብላ ፈረመች። ከዚያ ቀስ ብላ «ቤት ያሉትን ሦስቱን ማን አየልኝ?» አለችኝ።

ከዳላስ፦
እህቴ፣ ልቤን ነክተሽዋል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን በዚያ ስክሪን ሳየው ባቄላ ነበር የሚያክለው፤ መሃሉ ላይ አንዲት ነጥብ ትርገበገባለች። ባለቤቴ እጄን ጨብጣ አለቀሰች። ያቺ ነጥብ ነፍስ ናት ብዬ አምናለሁ። ሐኪሞችም ቢሆኑ የእርግዝናውን ዕድሜ ለማወቅ፣ ከማህፀን ውጭ አለመሆኑንም ለማረጋገጥ ያነሳሉ። ለእናቲቱ ማሳየቱ ምኑ ላይ ነው ክፋቱ? የቴክሳስ የ2011 ሕግ አላይም፣ አልሰማም የማለት መብት ሰጥቷታል። የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2012 አጽንቶታል።

ከአሌክሳንድሪያ፦
ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የነገርከን። ቴክሳስ በ2022 ፅንስ ማቋረጥን ከሞላ ጎደል እስክትከለክል ድረስ፣ ምስሉን አላይም፣ የልብ ምቱንም አልሰማም ማለት ትችል ነበር። የሐኪሙን ገለጻ ግን፣ እንደ ተደፈረች ሴት ካሉ ጥቂቶች በቀር፣ መስማት ግዴታዋ ነበር፤ ፅንሱ ምን ያህላል፣ ልቡ ይመታል ወይ፣ እጅና እግር አውጥቷል ወይ። እንግሊዝኛ የማትሰማ ሴት ይህን ከማን አፍ ትሰማው ነበር? ከእኔ ቢጤ አስተርጓሚ። በእናቷ ቋንቋ። ጆሮዋን ብትደፍን እንኳ ሥራችን ነውና ማውራታችንን አናቆምም። የሰሜን ካሮላይናን ተመሳሳይ ሕግ ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 የሻረው፣ ሐኪም የመንግሥትን መልእክት እንዲናገር አይገደድም ብሎ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ነርስ ነኝ። የዳላሱ ጋሼ፣ በ2014 የታተመ የሎስ አንጀለስ ጥናት አለ። ምስሉን ካዩት 98 በመቶ፣ ካላዩት 99 በመቶ ገደማ ውሳኔያቸውን አልለወጡም። የሚመጡት ወስነው ነው።

ከአዲስ አበባ፦
እኛ ጋ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 552፣ ፅንስ ማቋረጥ ለምትፈልግ የተደፈረች ሴት፣ መደፈሯን ለማስረዳት ቃሏ ብቻ በቂ ነው ይላል። ቨርጂኒያስ?

ከአሌክሳንድሪያ፦
ከግዴታው ነፃ የምትሆነው ለፖሊስ ያመለከተች ብቻ ነበረች፤ ሕጉ በ2020 እስኪሻር ድረስ። ለገዛ እህቷ ያልነገረችውን ለፖሊስ ልትነግር!

ከዳላስ፦
የፖሊሱን ነገር እቀበላለሁ፣ ልክ አልነበረም። ስለ አስተርጓሚዋ የምመልሰው አጣሁ፤ አስቤበትም አላውቅ። ጥናቱ ግን በፈቃዳቸው ስላዩት ነው የሚናገረው። ደግሞስ ከመቶ አንዷ ብቻ ሐሳቧን ብትለውጥ፣ ለእኔ እኮ አንድ ልጅ ተረፈ ማለት ነው።