የአንድን አገር ታሪክ በዋና ከተማው ሐውልቶች መረዳት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የአገሮችን ታሪክ በዋና ከተሞቻቸው መታሰቢያዎች በኩል ማጥናት ጀምሬአለሁ። እነዚህ ሐውልቶች የሚገልጡት የሕዝቡን ማንነት ነው ወይስ ያሠሯቸውን ገዥዎች ፍላጎት ብቻ? ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦ ሁለቱንም ይገልጣሉ፤ ሆኖም ሐውልቱ ከተሠራበት ዓመት ይልቅ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ነገር የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። የበርሊኑ የብራንደንቡርግ በር እ.ኤ.አ. በ1791 ሲጠናቀቅ የፕሩሲያ ነገሥታት መታያ ነበር፤ ናፖሊዮን በ1806 በአናቱ ላይ የቆመውን ባለአራት ፈረስ ሠረገላ ወደ ፓሪስ አስወሰደው፣ በ1814ም ተመለሰ፤ ከ1961 እስከ 1989 ድረስ ደግሞ ከተማዋን ምሥራቅና ምዕራብ አድርጎ በከፈለው በበርሊን ግንብ ተዘግቶ የመከፋፈል ምልክት ከሆነ በኋላ፣ ዛሬ ጀርመናውያን አንድነታቸውን የሚያስቡበት ስፍራ ሆኗል። ድንጋዩ ያው ነው፤ የተለወጠው የሕዝቡ ትርጓሜ ነው።

መልስ 2፦ የተነሣውንም መመልከት ያስፈልጋል። በኒው ዴልሂ ከሕንድ በር አጠገብ የነበረው የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ 5ኛ ሐውልት በ1968 ከተነሣ በኋላ፣ የነጻነት ታጋዩ የሱባስ ቻንድራ ቦዝ ሐውልት በ2022 እስኪቆምበት ድረስ ሐውልቱ ቆሞበት የነበረው ባለጣሪያ ማማ ባዶውን ኖሯል። ነጻ የወጣ ሕዝብ በማን ምስል መታወቅ እንዳለበት ለመወሰን የወሰደው ጊዜ እጅግ ይመስጠኛል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። እንግዲህ የዋሽንግተኑን የሊንከን መታሰቢያም በዚህ መንገድ አነበዋለሁ፤ በ1922 ሲመረቅ ጥቁር ታዳሚዎች ተለይተው እንዲቀመጡ ተደርገው ነበር፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ግን በ1963 ስለ እኩልነት የተናገረው በዚያው ደረጃ ላይ ቆሞ ነው።